ኤንድ፣ ኦር፣ ኢን ወይስ ኤግዚስትስ? የዳታቤዝ ረድፎችን ሲያጣሩ የትኛው መቼ እንደሚሻል

በአዲስ አበባ ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች የሚከራዩ ቤቶችን የሚመዘግብ ቢሮ ይታሰባችሁ። ደንበኛ ይደውልና «የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ባለ ሁለት መኝታ፣ ከ8500 ብር የማይበልጥ» ይላል። ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ይጻፋል፣ ዝርዝሩም ይወጣል፣ ቀይ የስህተት መልእክት አይታይም። ሆኖም ዝርዝሩ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት አለ፣ ዋጋው የበለጠም አለ፣ መግባት የነበረበት ደግሞ ቀርቷል። የማጣሪያ ስህተት ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የምናወዳድረው በአጻጻፍ ማጠር ሳይሆን በሦስት ነገር ነው፦ ሁኔታዎቹ እንዴት ይቧደናሉ፣ ያልተሞላ ዋጋ ሲገጥማቸው ምን ያደርጋሉ፣ ኢንዴክስ (ረድፍን ፈጥኖ የሚያስገኝ ማውጫ) ያስጠቅማሉ ወይ። ከሦስቱ ለሁለተኛው የበለጠ ክብደት እንሰጣለን፤ አብዛኛው የተሳሳተ ዝርዝር የሚመጣው ከእሱ ነውና።

የኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ቁልፍ ቃላት እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚተየቡት። ምሳሌዎቹ ሁሉ የሚሠሩት «ቤቶች» በሚባል በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ነው (ኪራዮቹ ለምሳሌ ብቻ የተሰጡ ናቸው)፦

መለያ | ሳይት | መኝታ | ኪራይ
1 | ቱሉ ዲምቱ | 2 | 9000
2 | ቱሉ ዲምቱ | 1 | 6500
3 | ኮዬ ፈጬ | 2 | 8000
4 | ኮዬ ፈጬ | 3 | 12000
5 | የካ አባዶ | 2 | ነል
6 | ጀሞ | 2 | 14000
7 | ለገጣፎ | 3 | 18000
8 | ነል | 1 | 5000

ነል ማለት ዋጋው አልተሞላም ማለት ነው። ዜሮ አይደለም፣ ባዶ ጽሑፍም አይደለም። ከታወቁት የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ኦራክል ብቻ ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል ይቆጥራል፤ ሌሎቹ ይለዩአቸዋል። ረድፍ 5 ላይ አከራዩ ኪራዩን ገና አልተናገረም፣ ረድፍ 8 ላይ መዝጋቢው ሳይቱን ዘሏል።

ኤንድ ወይስ ኦር

ሰው «የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ቤቶች» ሲል ሁለቱንም ሳይት ማየት ፈልጎ ነው። ዳታቤዙ ግን ጥያቄውን የሚያቀርበው ለእያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻ ነው፤ አንድ ቤት ደግሞ በሁለት ሳይት ሊቆም አይችልም። ስለዚህ

ሳይት = 'ቱሉ ዲምቱ' ኤንድ ሳይት = 'ኮዬ ፈጬ'

ምንጊዜም ዜሮ ረድፍ ነው። ሁለት የእኩል ምልክቶች በአንድ ዓምድ ላይ ከሆኑ የሚያስፈልጋችሁ ኦር ነው። ሁኔታዎቹ በተለያዩ ዓምዶች ላይ ሆነው ሁሉም መሟላት ካለባቸው ኤንድ ነው። ሁለቱ በአንድ ኩዌሪ ሲገናኙ ደግሞ ቅንፍ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ኖት፣ ቀጥሎ ኤንድ፣ መጨረሻ ላይ ኦር ነው የሚሰላው። የደንበኛውን ጥያቄ ያለ ቅንፍ እንጻፈው (ዌር ማጣሪያው የሚጀምርበት ቃል ነው)፦

ዌር ሳይት = 'ቱሉ ዲምቱ' ኦር ሳይት = 'ኮዬ ፈጬ' ኤንድ መኝታ = 2 ኤንድ ኪራይ <= 8500

ረድፍ 1፣ 2 እና 3 ይወጣሉ። ዳታቤዙ የተረዳው «የቱሉ ዲምቱ ማንኛውም ቤት፣ ወይም ደግሞ ኮዬ ፈጬ ሆኖ ባለ ሁለት መኝታና ከ8500 የማይበልጥ» ብሎ ነው። በቅንፍ ሲሆን፦

ዌር (ሳይት = 'ቱሉ ዲምቱ' ኦር ሳይት = 'ኮዬ ፈጬ') ኤንድ መኝታ = 2 ኤንድ ኪራይ <= 8500

ረድፍ 3 ብቻ ይወጣል፤ ረድፍ 1 ዋጋው 9000 ነው፣ ረድፍ 2 ባለ አንድ መኝታ ነው። ኤንድና ኦር በተቀላቀሉበት ሁሉ፣ ቅደም ተከተሉ ያለ ቅንፍም ትክክል ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ቅንፍ አድርጉ። ነገ ሌላ ሰው አንድ መስመር ሲጨምር ትርጉሙ አይናድም።

ኦር ወይስ ኢን

አንድ ዓምድ ከብዙ ዋጋዎች ጋር የሚነጻጸር ከሆነ ኢን ይሻላል። ውጤቱ ከተደራረበ ኦር ጋር አንድ ነው፣ በፍጥነትም አብዛኛውን ጊዜ ልዩነት የለውም። ትልቁ ጥቅሙ ቅንፉ አብሮት መምጣቱ ነው፦

ዌር ሳይት ኢን ('ቱሉ ዲምቱ', 'ኮዬ ፈጬ') ኤንድ መኝታ = 2 ኤንድ ኪራይ <= 8500

ከላይ ያየነው የቅደም ተከተል ስህተት እዚህ ሊፈጠር አይችልም። ሌላም ወጥመድ ይቀራል። ብዙ ሰው ኦርን ሲያሳጥር

ዌር ሳይት = 'ጀሞ' ኦር 'ለገጣፎ'

ብሎ ይጽፋል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ይህን አይቀበልም፣ ስህተት ብሎ ይመልሳል፤ ይህ መልካም ነው። ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት ግን 'ለገጣፎ' የሚለውን ጽሑፍ ወደ ዜሮ ቀይረው ሐሰት ያደርጉታልና የጀሞ ቤት ብቻ ይመጣል። በቁጥር ሲሆን የባሰ ነው፦ መኝታ = 2 ኦር 3 ብትሉ 3 ዜሮ ስላልሆነ እውነት ይሆናል፣ ሠንጠረዡም በሙሉ ይወጣል።

የኢን ዝርዝር በኮማ ሲለይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በሳይት ስሞቹ መካከል የገባ ነጠላ ሰረዝ (፣) ኮማ አይደለምና ኩዌሪው ይሰበራል። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ የተቀዳ ኩዌሪም ጥቅሶቹ የተጠመዘዙ ሆነው ይመጣሉና በቀጥታው ነጠላ ጥቅስ ተኩአቸው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ከሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ከጥቅሱ በፊት ኤን የምትባለውን ፊደል በትልቁ ይፈልጋል፤ ያለዚያ በተለመደው አሠራር 'ጀሞ' ወደ ጥያቄ ምልክቶች ይቀየርና ምንም አይገኝም።

ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን ኢን ይከብዳል። ኦራክል ለረጅም ዘመን በአንድ ኢን ውስጥ ከ1000 በላይ ዋጋ አይቀበልም ነበር። መቶዎች ከተሻገራችሁ ዋጋዎቹን ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብታችሁ በጆይን (ሁለት ሠንጠረዦችን በሚያጣምረው ትእዛዝ) ማገናኘት ይመረጣል።

ኖት፦ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው

በኤስኪውኤል የአንድ ሁኔታ መልስ ሦስት ዓይነት ነው፦ እውነት፣ ሐሰት፣ አይታወቅም። ነል ካለበት ማንኛውም ንጽጽር የሚወጣው «አይታወቅም» ነው፤ ነል = ነል ራሱ እውነት አይደለም። ዌር የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ኖት ደግሞ እውነትን ሐሰት፣ ሐሰትን እውነት ያደርጋል እንጂ «አይታወቅም» የሚለውን አይነካም።

ይህን በሠንጠረዡ እንፈትነው። ኪራይ > 10000 ብንል ረድፍ 4፣ 6 እና 7 ይወጣሉ። ኖት (ኪራይ > 10000) ብንል 1፣ 2፣ 3 እና 8። ሦስትና አራት ሰባት ነው፣ ሠንጠረዡ ግን ስምንት ረድፍ አለው። የየካ አባዶው ቤት ከሁለቱም ዝርዝር ወድቋል። ያልተሞላውን ማካተት ከፈለጋችሁ በግልጽ መጠየቅ አለባችሁ፦

ዌር ኪራይ <= 10000 ኦር ኪራይ ኢዝ ነል

ኢዝ ነል እንጂ = ነል አይሠራም። «ከጀሞ ውጭ ያሉ ሁሉ» ሲባልም ሳይት <> 'ጀሞ' ረድፍ 8ን ይጥላል። እዚህ ፖስትግሬስ ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም የሚል አማራጭ አለው፤ ነልን እንደ አንድ ዋጋ ቆጥሮ ስለሚያወዳድር ሳይት ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም 'ጀሞ' ረድፍ 8ንም ይሰጣችኋል። ማይኤስኪውኤል ላይ ለዚህ ነልን የሚያከብር የእኩል ምልክት (<=>) አለ፤ ኖት (ሳይት <=> 'ጀሞ') ይባላል።

ኖት በቅንፍ ፊት ሲቆም የዲ ሞርጋንን ሕግ አስታውሱ። ኖት (ሀ ኦር ለ) ማለት ኖት ሀ ኤንድ ኖት ለ ነው፤ ኖት (ሀ ኤንድ ለ) ደግሞ ኖት ሀ ኦር ኖት ለ። «ጀሞም ለገጣፎም ያልሆነ» ለማለት ሳይት <> 'ጀሞ' ኦር ሳይት <> 'ለገጣፎ' የሚጽፍ ሰው ሳይቱ የተሞላውን ረድፍ ሁሉ ያገኛል፤ የጀሞ ቤት ለገጣፎ አይደለም፣ የለገጣፎውም ጀሞ አይደለምና። የሚያስፈልገው ኤንድ ነው፣ ወይም ኖት ኢን ('ጀሞ', 'ለገጣፎ')።

ከቻላችሁ ግን ችግሩን ከምንጩ ዝጉት፦ ሳይት የግድ መሞላት ካለበት ሠንጠረዡ ሲፈጠር ዓምዱን ኖት ነል በሉት። ቼክ የሚባለው ገደብ ብቻውን አይበቃም። ዌር «አይታወቅም»ን ሲጥል ቼክ ግን ያሳልፈዋል፤ ቼክ (ኪራይ > 0) ብላችሁም ኪራዩ ነል የሆነ ረድፍ ይገባል።

ኖት ኢን፣ ኖት ኤግዚስትስ ወይስ ሌፍት ጆይን

«ውል» ያልተፈረመባቸውን ቤቶች ማውጣት የዘወትር ሥራ ነው። «ውሎች» የሚባል ሠንጠረዥ አለን እንበል፣ ቤት_መለያ በሚለው ዓምዱ ውስጥ 2፣ 4 እና አንድ ነል አለ፤ ውሉ ተመዝግቦ ቤቱ ገና ያልተያያዘበት ነው። ቀላል የሚመስለው አጻጻፍ ይህ ነው፦

ዌር መለያ ኖት ኢን (ሴሌክት ቤት_መለያ ፍሮም ውሎች)

ውጤቱ ዜሮ ረድፍ ነው። አንድም ነጻ ቤት የለም ይላችኋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ኖት ኢን ሲፈታ መለያ <> 2 ኤንድ መለያ <> 4 ኤንድ መለያ <> ነል ይሆናል። የመጨረሻው ምንጊዜም «አይታወቅም» ስለሆነ ሙሉው ሐሰት ወይም «አይታወቅም» እንጂ እውነት ሊሆን አይችልም። ትናንት በትክክል ሲሠራ የነበረ ሪፖርት ዛሬ ባዶ የሚሆነው አንድ ያልተሟላ ውል በመግባቱ ብቻ ነው።

ዌር ኖት ኤግዚስትስ (ሴሌክት 1 ፍሮም ውሎች ዌር ውሎች.ቤት_መለያ = ቤቶች.መለያ)

ይህኛው ስድስቱን ነጻ ቤቶች (1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8) በትክክል ይሰጣል። ኤግዚስትስ የሚጠይቀው «የሚገጥም ረድፍ አለ ወይ» ብሎ ስለሆነ ነሉ አይገጥምም፣ አይረብሽምም። ሌፍት ጆይን (የማይገጥማቸው ቢሆንም የግራውን ሠንጠረዥ ረድፎች ሁሉ የሚያስቀር ጆይን) አድርጎ ውሎች.ቤት_መለያ ኢዝ ነል ማለትም ያንኑ ስድስት ያመጣል። እኛ ኖት ኤግዚስትስን እንመርጣለን፤ ሐሳቡ በግልጽ ይነበባል፣ ነልንም ይቋቋማል። ኖት ኢን የሚመቸው በእጅ ለተጻፈ አጭር ዝርዝር ነው።

ኖት በሌለበት፣ ማለትም «ውል ያለባቸውን» ስንፈልግ፣ ኢንም ኤግዚስትስም እኩል ደህና ናቸው። እዚህ የሚያሳስተው ተራ ጆይን ነው፦ አንድ ቤት ሁለት ውል ካለው በጆይን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ድምሩም ያብጣል። ከሌላው ሠንጠረዥ ዓምድ ማሳየት ካላስፈለጋችሁ ጆይን አትጠቀሙ።

ሌፍት ጆይን ላይ ሁኔታው የሚጻፍበት ቦታም ትርጉም ይቀይራል። «ሁሉንም ቤቶች፣ ያላቸው እንደሆነ የዘንድሮ ውላቸውን ጨምሮ» ከፈለጋችሁ የዓመቱ ሁኔታ ኦን (የጆይኑ ማገናኛ ሁኔታ) ውስጥ ይግባ። ዌር ውስጥ ከገባ ውል የሌላቸው ቤቶች ዓመታቸው ነል ስለሆነ ይወድቃሉ።

ቢትዊን ወይስ ሁለት ምልክት

ቢትዊን ሁለቱንም ጫፍ ያካትታል። ኪራይ ቢትዊን 8000 ኤንድ 12000 ረድፍ 1፣ 3 እና 4ን ያመጣል፣ 8000 እና 12000 ራሳቸው ገብተዋል። ትንሹ ከፊት መሆን አለበት፤ ቢትዊን 12000 ኤንድ 8000 በአብዛኛው ዳታቤዝ ባዶ ነው። ለሙሉ ቁጥር ከዚህ የተሻለ የለም።

ለቀንና ሰዓት ግን አንመክረውም። የተመዘገበበት የሚል ዓምድ ይኑረንና የመስከረም 2017 ምዝገባዎችን እንውሰድ። መስከረም 1 በፈረንጅ 2024-09-11 ነው፣ መስከረም 30 ደግሞ 2024-10-10። የተመዘገበበት ቢትዊን '2024-09-11' ኤንድ '2024-10-10' ብትሉና ዓምዱ ሰዓትም የያዘ ከሆነ የመስከረም 30 ቀን ሥራ በሙሉ ይቀራል፤ ሁለተኛው ጫፍ የሚያበቃው በዚያ ቀን መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነውና። ትክክለኛው፦

ዌር የተመዘገበበት >= '2024-09-11' ኤንድ የተመዘገበበት < '2024-10-11'

ከፊት እኩል አለው፣ ከኋላ የለውም። ለጥቅምት ከ10-11 ስትጀምሩ ምንም አይደገምም፣ ምንም አይዘለልም። የወሩን መጀመሪያ በቃል ይዛችሁ አትጻፉ፦ የ2016 መስከረም 1 የዋለው በ2023-09-12 ነበር፣ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥም አይመከርም። '10/1/2017' እና '9/1/2017' እንደ ጽሑፍ ሲነጻጸሩ 10ኛው ወር ከ9ኛው ይቀድማል። በዴት ዓይነት አስቀምጡ፣ ለሰው ሲታይ ወደ እኛ ቀን ቀይሩት።

ዳታቤዙ ሰዓትን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) የሚይዝ ከሆነ የአዲስ አበባ ቀን 3 ሰዓት ይቀድመዋል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት በስልክ ወይም በቴሌግራም ቦት የገባ ምዝገባ ወደ ቀዳሚው ቀን ይቆጠራል።

ላይክ ወይስ እኩል

ስሙን ሙሉውን ካወቃችሁ እኩል። ከፊሉን ብቻ ካወቃችሁ ላይክ፤ % ማንኛውንም ያህል ፊደል፣ _ አንድ ፊደል ይተካል። ላይክ 'ለገ%' በኢንዴክስ ሊታገዝ ይችላል፣ ላይክ '%ጣፎ' ግን በተለመደው ኢንዴክስ አይታገዝም፤ ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል።

የአማርኛ ጽሑፍ ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ዓለም ገና እና አለም ገና፣ ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ለገጣፎ እና ለገ ጣፎ ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለዳታቤዝ ግን የተለያዩ ናቸው፤ እኩልም ላይክም አያገናኛቸውም። አማራጮቹ ሦስት ናቸው። ሁሉንም አጻጻፍ በኢን መዘርዘር ለአንድ ጊዜ ፍለጋ ይበቃል፣ ለዘለቄታው ግን ሁልጊዜ አንድ አጻጻፍ ያመልጣል። ሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚቀይር ተጨማሪ ዓምድ መያዝና ፍለጋውን እዚያ ላይ ማድረግ ነው። ፖስትግሬስ፣ ኦራክልና የኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2017 ወዲህ ያሉ እትሞች ለዚህ ትራንስሌት የሚባል ተግባር አላቸው፤ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት የላቸውምና መቀየሩ በፕሮግራሙ ውስጥ ይሠራል። ሐን ወደ ሀ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ሑ፣ ሒ እያሉ ሁሉም ፊደል ከነቤቱ መዘርዘር አለበት፣ ዓ፣ ዐ እና ኣም ወደ አ። ሦስተኛውና ለሳይት ስም የምንመክረው፣ ስሞቹን በሌላ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ መዝግቦ ቤቶቹ ላይ ቁጥራቸውን ብቻ መያዝ ነው። መዝጋቢው ከዝርዝር ይመርጣል፣ የመተየብ ልዩነት አይፈጠርም። ሁለተኛው መንገድ ለአከራይ ስምና ለማስታወሻ ይዋል።

ኦር ወይስ ዩኒየን

ኦር በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ላይ ሲሆን የፍጥነት ጥያቄ ይመጣል። «ይህ ስልክ የባለቤቱ ወይም የደላላው የሆነበት ቤት» ስንል እያንዳንዱ ዓምድ የራሱ ኢንዴክስ ይፈልጋል። ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም ሁለት ኢንዴክሶችን አጣምረው መጠቀም ይችላሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይመርጡትም። ኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ እንዴት እንደሚፈልግ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብላችሁ እዩ፤ ሠንጠረዡ በሙሉ የሚነበብ ከሆነ ኩዌሪውን ለሁለት ከፍላችሁ በዩኒየን (ሁለት ውጤቶችን አንድ ዝርዝር በሚያደርገው) አገናኙ። ዩኒየን ኦል ድግግሞሽ አያስወግድም፤ ባለቤቱና ደላላው አንድ ሰው የሆነበት ቤት ሁለት ጊዜ ይወጣል። በጥቂት ሺህ ረድፎች ላይ ይህን ሁሉ መጨነቅ አያስፈልግም፣ ኦር ይበቃል።

ደንበኛው ከፈለገ የሚሞላው፣ ካልፈለገ የሚተወው ማጣሪያ ላይ (:ሳይት ኢዝ ነል ኦር ሳይት = :ሳይት) የሚል ቀመር ይዘወተራል፤ :ሳይት ደንበኛው የሚሞላው ዋጋ ነው። ውጤቱ ትክክል ነው፣ ዳታቤዙ ግን ለሁለቱም ሁኔታ የሚሆን አንድ ዕቅድ ይዞ ኢንዴክሱን ሊተው ይችላል። የተሞሉትን ሁኔታዎች ብቻ ፕሮግራሙ ውስጥ እየጨመሩ ኩዌሪውን መገንባት ይሻላል፣ ዋጋዎቹ ግን በፓራሜትር (ከኩዌሪው ጽሑፍ ተለይተው) ይተላለፉ። የደንበኛው ጽሑፍ ኩዌሪው ላይ በቀጥታ ከተቀጠለ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ' ኦር 1 = 1 -- ብሎ የጻፈ ሰው የአከራዮችን ስልክ በሙሉ ይወስዳል።

ከኤንድ በግራ ያለው ቀድሞ ይሰላል ብላችሁም አትመኩ። ካሬ (የቤቱ ስፋት) የሚል ዓምድ ኖሮ ካሬ <> 0 ኤንድ ኪራይ / ካሬ < 200 ብትጽፉ ዳታቤዙ ማካፈሉን ሊያስቀድምና ፖስትግሬስ ላይ ኩዌሪው በዜሮ ማካፈል ሊቆም ይችላል። ኪራይ / ነልኢፍ(ካሬ, 0) < 200 ደህና ነው፤ ነልኢፍ ዜሮውን ነል ያደርገዋል።

ከመሰረዝ በፊት

ተመሳሳይ ዌር ዲሊት (መሰረዣ) ወይም አፕዴት (መለወጫ) ላይ ሲሆን የተረሳ ቅንፍ ዝርዝር አያበላሽም፣ መዝገብ ያጠፋል። መጀመሪያ ያንኑ ዌር በሴሌክት ካውንት(*) አሂዱ። ቀጥሎ በኖት (…) አሂዱ። ሁለቱ ተደምረው ከጠቅላላው ረድፍ ካነሱ፣ ልዩነቱ ነል የነካው ነው፤ የየትኛው ዓምድ እንደሆነ በኢዝ ነል ፈልጉና መካተት ወይም መቅረት እንዳለበት ወስኑ። ከዚያ ቢጊን ብላችሁ ዲሊቱን አሂዱ። ተሰረዘ የተባለው ቁጥር ከካውንቱ ጋር እኩል ከሆነ ኮሚት (አጽድቁ)፣ ካልሆነ ሮልባክ (ወደ ነበረበት መልሱ)።